ራዳሩ ደረቅ ሲለኝ ይዘንባል፣ ይዘንባል ሲለኝ ፀሐይ ነው፤ የኮዬ፣ የሱሉልታ፣ የሰበታ ሰዎች እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

ፎርማን ዘኮዬ
ሐምሌ 8፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ አካባቢ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። በክረምት ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) መሙላት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ሥራው ላይ ያለ ያውቀዋል። ሚክሰር ተከራይተህ፣ የቀን ሠራተኛ ሰብስበህ፣ አሸዋና ጠጠር አስወርደህ ግማሽ ላይ ዶፍ ከመጣ የላይኛው ሲሚንቶ ታጥቦ ይሄዳል። ጠጠሩ ፈጦ ይቀራል። ስለዚህ ከሙሌት በፊት በስልኬ የዝናብ ራዳር እያየሁ ነው የምወስነው። የትኛው እንደሆነ መጥራት አልፈልግም። ካርታው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያለ የሚንቀሳቀሰው ዓይነት ነው።

ችግሩ ብዙ ነው። ምስሉ አይጫወትም፤ ማጫወቻውን ስጫን ካርታው ባዶ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ይመጣና የተጻፈው ሰዓት ከስልኬ ሰዓት ጋር አይገናኝም። ያለሁበትን ቦታ ፒያሳ አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። ከሁሉ የባሰው ግን ራሱ ዝናቡ ነው። ትናንት ከሰዓት በረዶ ሲወርድብን ካርታው ንጹሕ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ እኛ ላይ ቀይ ሆኖ አንድ ጠብታ አልወረደም።

ስልኬ ይሁን፣ ኔትወርኩ ይሁን፣ ራዳሩ ራሱ ይሁን አልገባኝም። የምታውቁ እርዱኝ፤ በዚህ ሳምንት ሙሌት አለብን።

ናቲ ገላን
ምሽት 2፡25

እኔም ጋ ይቆማል። አፑን ዘግተህ ካሹን (ያጠራቀመውን ጊዜያዊ መረጃ) አጥፋው፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ዳታ ለመቆጠብ ገጹን ጨምቆ የሚልክ ብሮውዘር የምትጠቀም ከሆነም ቀይረው። እነሱ ለጽሑፍ ጥሩ ናቸው፤ የሚንቀሳቀስ ካርታ ግን አይሆንላቸውም። ስልኩ ላይ ያለውን የዳታ ቆጣቢ ራሱንም ለዚህ አፕ ብቻ አንሳለት።

የጣፎ ስልክ ቤት
ምሽት 2፡40

ፎርማን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የስልክህ ሰዓት አውቶማቲክ ነው ወይስ በእጅህ በሀበሻ አቆጣጠር ሞልተኸዋል?

ፎርማን ዘኮዬ
ምሽት 2፡44

በሀበሻ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን 3፡00 እንዲል አድርጌ ሞልቼዋለሁ። ሠራተኛው ሁሉ በዚህ ነው የሚግባባው። ግንኙነት አለው እንዴ?

የጣፎ ስልክ ቤት
ምሽት 3፡05

በደንብ አለው። እኔ ሱቅ ‹‹ራዳሩ አይሠራም›› ብሎ ከሚመጣው ሰው ብዙው ይኸው ነው ጉዳዩ፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ስልክህ ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ የምታየው ሰዓት ነው። ሌላው የሰዓት ክልሉ ነው፤ ‹‹እኔ ኢትዮጵያ ነኝ፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት እቀድማለሁ›› የሚለው። አንተ ሰዓቱን በእጅህ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስትመልሰው ክልሉ ግን አልተነካም። እንግዲህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልክህ ‹‹ሌሊት ነው፣ ገና 9 ሰዓት›› ብሎ ያምናል። የራዳሩ ገጽ ‹‹የአሁኑን ምስል ስጠኝ›› ሲል የሚጠይቀው በስልክህ ሰዓት ከሆነ፣ የ6 ሰዓት ያረጀ ምስል ነው የሚጠይቀው። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ያለፉት ጥቂት ሰዓታት ምስል ብቻ ነው። የጠየቅከው ተሰርዟል። ካርታው ባዶ ይሆናል። ካሽ ብታጠፋ፣ አፑን አጥፍተህ መልሰህ ብትጭን ለውጥ የለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ‹‹ቀንና ሰዓት›› የሚለውን ክፈት፣ አውቶማቲክ አድርገው። የሀበሻ ሰዓት ማየት ከፈለግክ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ ዊጀት አውርደህ ፊት ለፊት ላይ አስቀምጠው። ስልኩ የራሱን ሰዓት ይያዝ፣ አንተ የራስህን ታያለህ።

ሌላ መንገድም አለ። የሰዓት ክልሉን ብቻ ቦነስ አይረስ ማድረግ። አርጀንቲና ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የእኛ የሀበሻ አቆጣጠር ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ይወድቃል። ስልኩ ውስጡ ያለው ሰዓት አይዛባም፣ ፊቱ ላይ ግን 3 ሰዓትን 3 ይልሃል። ብዙ ደንበኞቼ እንዲህ ነው የሚጠቀሙት። ጠዋትና ማታው ግን ይምታታል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ‹‹ጠዋት 9›› ይልሃል። አላርም ስትሞላ ተጠንቀቅ።

ሰዓትን በእጅ ማዛባት ጉዳቱ በራዳር አያበቃም። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ኮድ የሚሰጡ አፖችም በዚሁ ምክንያት ‹‹ኮዱ ስህተት ነው›› ይላሉ።

ፎርማን ዘኮዬ
ምሽት 3፡20

አሁን አውቶማቲክ አደረግኩት። ተጫወተ! ምስሉ ሙሉ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ያ ሁሉ ፓኬጅ በባዶ ካርታ ነው ለካ ያለቀው።

ሕይወት ሰበታ
ሐምሌ 9፣ ጠዋት 1፡30

ስለ ሰዓት ከተነሳ አንድ ልጨምር። አንዳንድ ገጽ የስልካችሁን ሰዓት አይከተልም፤ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከቁጥሩ ጎን ‹‹ዩቲሲ›› ወይም የዜድ ፊደል ካያችሁ እሱ ነው። እኔ የምጠቀምበት ስሌት አጭር ነው፦ ከተጻፈው ላይ 3 ቀንሱ፣ የሀበሻ ሰዓት ይመጣል። 12፡00 ካለ ለእኛ 9 ሰዓት ነው። 06፡00 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት። 16፡00 ካለ 13 ይመጣል፤ 12ን አውጡለት፣ ምሽት 1 ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው ‹‹12፡00›› ሲያይ እኩለ ቀን፣ ማለት 6 ሰዓት ይመስለዋል። በዚያ ከሄዳችሁ 3 ሰዓት ትሳሳታላችሁ። በሐምሌ 3 ሰዓት ማለት ከጠራራ ፀሐይ እስከ ጎርፍ ነው።

የወተት እናት
ጠዋት 2፡15

ሰላም ልጆች። እኔ ሱሉልታ ነኝ፣ ላሞች አሉኝ። የእኔ ችግር ከፎርማኑ ይለያል። እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ካፊያው አያቋርጥም፣ ከእንጦጦ በኩል ጉሙ ወርዶ ይተኛብናል። መንገዱ ይጨቀያል፣ ወተት የሚወስደው መኪና ይዘገያል። ልጄ የጫነልኝ ካርታ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። አንድም ቀለም የለበትም። ውጭ ወጥቼ በጃንጥላ ቆሜ ካርታው ‹‹ዝናብ የለም›› ይለኛል። ይህ ነገር ለእኛ አይሠራም ማለት ነው?

ደመና አንባቢ
ጠዋት 4፡00

እማማ፣ የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። የፎርማኑም ዋና ችግር ከእርስዎ ጋር አንድ ነው። ሚቲዎሮሎጂ ተምሬያለሁ፣ ይህ ጉዳይ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም።

ራዳር መሬት ላይ የሚተከል መሣሪያ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ የዝናቡ ጠብታ መትቶ ይመልሰዋል። ከሚመለሰው ሞገድ የዝናቡ ጥንካሬ ይገመታል። የሚያየው እስከ 200 እና 250 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ጨረሩ በራቀ ቁጥር ከመሬት ከፍ ይላል፤ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቀና ያለው ዝቅተኛው ጨረር እንኳ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቷል። መሐል ላይ ተራራ ካለ ደግሞ ከኋላው ያለውን አያይም።

እኛ ስልካችን ላይ የምናያቸው ዓለም አቀፍ ገጾች ግን የመሬት ራዳር መረጃ በማያገኙበት አገር ሁሉ ካርታውን ባዶ አይተዉትም። በሳተላይት ግምት ይሞሉታል። ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፣ ስሙም ‹‹ራዳር›› ይባላል። ሰው እንዴት ይለየው?

ሞክሩት፦ የንብርብር (ላየር) ምርጫው ውስጥ ግቡና ሳተላይቱን አጥፍታችሁ ራዳሩን ብቻ ተዉት። አውሮፓ ላይ ቀለሙ ይቀራል። እኛ ላይ ምን እንደሚቀር ንገሩኝ።

ሳተላይቱ የሚያየው ምንድን ነው? የደመናውን አናት ነው። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ የአናቱን ቅዝቃዜ ይለካል። አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ደመናው ረጅም ነው፣ ረጅም ከሆነ ይዘንባል ተብሎ ይገመታል። ቤት ውስጥ ምን እንደሚበስል ጣሪያውን አይቶ እንደመገመት ነው።

አሁን ሱሉልታን እንይ። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። እርጥብ አየር ሽቅብ ሲገፋበት ዝቅ ያለ፣ ብዙም ያልቀዘቀዘ ደመና ይሠራል። ካፊያ ያወርዳል። አናቱ ሞቅ ያለ ስለሆነ ሳተላይቱ ‹‹ይህ ዝናብ አይሰጥም›› ብሎ ያልፈዋል። እማማ፣ ካርታው ንጹሕ የሚሆንብዎት ለዚህ ነው። ስልክዎ ጤነኛ ነው። የልጅዎም ጥፋት አይደለም።

ፎርማን፣ ያንተ ተቃራኒው ነው። ከየረር ተራራ በላይ ትልቅ ነጎድጓዳማ ደመና ሲነሳ አናቱ ሰማይ ላይ እንደ ጠረጴዛ ይዘረጋል። በክረምት ወራት ከፍታው ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ያንን አናት ይዞት ይሄዳል። ዝናቡ የረር ግርጌ ይወርዳል፣ ቀዝቃዛው አናት ግን ኮዬ ላይ ይደርሳል፣ አልፎም ሰበታ። ካርታው ቀይ ያደርግሃል። አንተ ፀሐይ ላይ ነህ፤ በላይህ ያለው ነጭ መጋረጃ ብቻ ነው።

ናቲ ገላን
ጠዋት 4፡20

ይቅርታ አድርግልኝና፣ ራዳር ካልሆነ ለምን ራዳር ይሉታል? ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበትን ውሳኔ ነው የሚወስንበት። ይህ ትክክል አይደለም።

ደመና አንባቢ
ጠዋት 4:35

አልተሳሳትክም። ብዙዎቹ ገጾች ግን ትንንሽ ፊደል ላይ ይጽፉታል። ታች ጥግ ላይ ወይም ‹‹የመረጃ ምንጭ›› የሚለው ውስጥ ታገኘዋለህ። የማንበብ ልማድ ቢኖረን ጥሩ ነው፤ እነሱም ከፍ አድርገው ሊጽፉት ይገባ ነበር።

ፎርማን ዘኮዬ
ቀን 6፡40

ያልከውን ሞከርኩ። ሳተላይቱን ሳጠፋው እኛ ላይ ምንም አልቀረም። ወደ ጀርመን ወስጄ ሳየው በቀለም ሞልቷል። ገባኝ።

ግን አንድ ያልተመለሰ አለ። ያ መጀመሪያ የነገርኳችሁ በረዶ ከትልቅ ደመና ነው የመጣው። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ መብረቅም ነበረው። እሱን ለምን አላሳየኝም?

ደመና አንባቢ
ቀን 7፡15

እዚህ ላይ ጉዳዩ ጊዜና ቦታ ነው።

ጊዜውን ላስቀድም። ለእኛ አካባቢ የሚሆነውን ምስል ከሚሰጡት አንዱ ሜቴዎሳት 9 የተባለው ሳተላይት ነው። ምሥራቅ ኬንትሮስ 45.5 ዲግሪ ላይ ቆሟል፣ በየ15 ደቂቃው ምስል ያነሳል። ያ ምስል መሬት እስኪወርድ፣ እስኪሰላ፣ ወደ ገጹ እስኪገባ ሌላ ጊዜ ይፈጃል። አንተ ‹‹አሁን›› ብለህ የምታየው የግማሽ ሰዓት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። የአንድ ነጎድጓዳማ ደመና ሙሉ ዕድሜ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ነው። ተወልዶ፣ በረዶውን ጥሎ፣ ሲበተን ነው ካርታው ላይ የሚደርስህ።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንድ ገጽ የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2014 ናሳና የጃፓን የጠፈር ድርጅት ካመጠቁት ጂፒኤም ከተባለ ሳተላይት ጋር የተያያዘውን የዝናብ ግምት ነው። ጥሩ መረጃ ነው፣ ለምርምር እኔም እወደዋለሁ። ግን ፈጣኑ ስሪት እንኳ 4 ሰዓት ገደማ ይዘገያል። ትናንት ምን ያህል እንደዘነበ ለማወቅ ተጠቀምበት። ዛሬ ሙሌት ልጀምር ወይ ለሚለው ጥያቄ አይሆንህም።

ቦታውን ደግሞ እንይ። ሳተላይቱ ከአናታችን ላይ ካልሆነ ደመናውን በሰያፍ ነው የሚያየው። ሜቴዎሳት 9 ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ብዙም አያዛባም። አፍሪካንና አውሮፓን ከዜሮ ዲግሪ የሚያየው ሌላው ሜቴዎሳት ግን እኛን 45 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ ነው የሚያየን። ከመሬት 12 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ የደመና አናት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ ይሳላል። መገናኛ ላይ ያለው ደመና ለገጣፎ ላይ ይታያል ማለት ነው። ይህንን አስተካክለው የሚያቀርቡ ገጾች አሉ፣ ሳያስተካክሉ የሚለጥፉም አሉ። ስለዚህ ኮዬ ላይ ንጹሕ ሆኖ ከጎንህ በምሥራቅ በኩል ቀይ ካየህ፣ ‹‹የኔ ሊሆን ይችላል›› ብለህ ተጠንቀቅ።

ሦስተኛ ነገር። ማጫወቻው መሐል ላይ ‹‹አሁን›› የሚል መስመር አለው። ከመስመሩ በስተግራ የተለካ ወይም የተገመተ ነው። በስተቀኝ ያለው ትንበያ ነው። አብዛኛው ገጽ ይህንን የሚሠራው ያለውን ደመና በያዘው አቅጣጫና ፍጥነት ወደ ፊት በመግፋት ነው። ያልተወለደ ደመና አያውቅም። የእኛ የከሰዓት ደመና ደግሞ ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። ብዙው እዚሁ ተራራው ላይ ይወለዳል። ስለዚህ ‹‹ለሚቀጥለው አንድ ሰዓት ደረቅ ነው›› ሲልህ፣ ‹‹አሁን የሚታይ ደመና ወደ አንተ እየመጣ አይደለም›› ማለቱ ብቻ ነው።

ሕይወት ሰበታ
ቀን 7፡30

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወስጄ ለእህቴ ልኬላታለሁ። ነገ ድንኳን ሊተክሉ ነው።

የጣፎ ስልክ ቤት
ቀን 8፡10

የፎርማን ሁለተኛ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ፒያሳ የሚያሳይህ ለምንድን ነው? ለገጹ የሎኬሽን ፈቃድ ካልሰጠኸው ቦታህን በኢንተርኔት አድራሻህ ነው የሚገምተው። በዚያ ከሄደ ከተማ ዳር ያለነው ብዙ ጊዜ መሐል አዲስ አበባ ላይ እንወድቃለን። ቪፒኤን (ኢንተርኔትህን በሌላ አገር በኩል የሚያሳልፈውን) ካበራህ ደግሞ አምስተርዳም ልትሆን ትችላለህ። አንድ ደንበኛዬ ‹‹ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ይወርዳል ይለኛል›› ብሎ መጣ፤ ቪፒኤኑ በርቶ ነበር። ያየው የሌላ አገር ሰማይ ነው።

ፈቃዱን ስጠው፣ ‹‹ትክክለኛ ቦታ›› የሚለውንም አብራው። የቦታ ስም ጽፈህ መፈለግ ለእኛ አይመችም። ለገጣፎ፣ ኮዬ፣ ገላን በላቲን ፊደል ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አላቸው፤ አንዱን ስትጽፍ ሌላ ክልል ያለ ቀበሌ ይወጣል። ይልቅ ካርታው ላይ ጣትህን ጫን አድርገህ ያዝና ቦታህን አስቀምጠው።

በቁጥር የምታስገቡ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። አዲስ አበባ 9.03 ሰሜን፣ 38.74 ምሥራቅ ናት። ቀድሞ የሚገባው 9ኙ ነው። ገልብጣችሁ 38ን ካስቀደማችሁ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ትገባላችሁ።

ማሳወቂያ አይመጣልኝም ለምትሉ፦ ባትሪ ቆጣቢው ነው። ስልኩ አፑን ከጀርባ ሆኖ እንዳይሠራ ይገድለዋል። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ ላይ ግቡና ለዚህ አፕ ገደቡን አንሱለት።

የወተት እናት
ቀን 9፡05

አመሰግናለሁ ልጆቼ። እንግዲህ ለእኔ ለጠዋቱ ካፊያ ካርታውን ትቼ ምን ልመልከት?

ደመና አንባቢ
ቀን 9፡25

እማማ፣ ለካፊያው ‹‹ራዳር›› የሚለውን ይተዉት። ልጅዎ የእርጥበትና የዝቅተኛ ደመና ንብርብሩን ያብራልዎት። ማታ ላይ ‹‹ነገ ጠዋት ዝቅተኛ ደመና›› ብሎ ሱሉልታን ከሸፈነው፣ ጉሙ ሊወርድ እንደሚችል ያስቡ። እሱም ቢሆን ግምት ነው። የአውሮፓው ዋና የትንበያ ሞዴል፣ ማለት አየሩን በኮምፒውተር የሚያሰላው፣ ምድርን በ9 ኪሎ ሜትር ክፍልፋይ ነው የሚያያት። በአንዱ ክፍል ውስጥ እንጦጦም ሱሉልታም ተቀላቅለው ሊገቡ ይችላሉ። ተራራው ላይ ያለውን ልዩነት የእርስዎን ያህል አያውቀውም። ዓመታት ያዩትን ምልክት አይጣሉ፤ ከስልኩ ጎን ያስቀምጡት።

ናቲ ገላን
ቀን 9፡40

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የእኛ ጥበቃ ከየረር በኩል ሲጠቁር አይቶ ‹‹ሸራ አውጡ›› ይላል። ስልክ የለውም።

ደመና አንባቢ
ቀን 9፡50

ጥበቃው ትክክል ነው፣ ምክንያቱም እሱ የሚያየው ያልዘገየ ነው። የደመናውን ሥር ያያል፤ ሳተላይቱ ደግሞ አናቱን። ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ፎርማን፣ ለሙሌት እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ማታ የሞዴሉን ትንበያ አየዋለሁ፤ ከሰዓቱ ለመብረቅ የሚመች ከሆነ ሥራውን ገና በጠዋት እጀምራለሁ። በክረምት ዋናው ነጎድጓድ ብዙ ጊዜ የሚነሳው መሬቱ ከሞቀ በኋላ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ የሳተላይቱን ተራ ፎቶ፣ ቀለም ያልተቀባውን፣ እከፍታለሁ። በቀን ብርሃን እንደ አበባ ጎመን የሚያብጥ ነጭ ነገር የረር ወይም ወጨጫ ተራራ ላይ ካየሁ፣ በሁለት ምስል መካከል ምን ያህል እንዳደገ አያለሁ። በፍጥነት ካደገ ሸራው ይቅረብ። ባለቀለሙ ካርታ ቀይ እስኪሆን አልጠብቅም።

የቀለሙንም መለኪያ እየው። አንዳንዱ በዲቢዜድ (የሚመለሰው የራዳር ሞገድ ጥንካሬ መለኪያ) ነው፣ አንዳንዱ በሚሊ ሜትር በሰዓት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ሶሌታህ 100 ካሬ ከሆነ በሰዓት 5 ሚሊ ሜትር ማለት በሰዓት 500 ሊትር ውኃ ያልደረቀ አርማታህ ላይ ይፈስሳል።

ፎርማን ዘኮዬ
ሐምሌ 11፣ ምሽት 1፡15

ዛሬ ሞላን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሚክሰሩ ተነሳ። ያንን ቀለም የሌለውን ፎቶ ስከታተል ነበር። ረፋዱ ላይ የረር ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር በሚቀጥለው ምስል እጥፍ ሆናለች። ቀለም ያለው ካርታ ግን ገና ንጹሕ ነው። ሸራውን አስቀረብኩ፣ የቀረችውን ጥግ አፍጥነን ጨረስን። ሸፍነን እንደወረድን መጣ፤ ከባድ ነበር። ላዩ አልተነካም። ካርታው ቀይ የሆነው ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ሐምሌ 12፣ ጠዋት 3፡00

ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አነበብኩት፣ ደስ ብሎኛል። እኔ ሰንዳፋ ነኝ። የእኔ ጭንቀት ሐምሌ ሳይሆን ኅዳር ነው። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ሳለ ያለወቅቱ ዝናብ ይመጣል። የዓመት ልፋት ይበሰብሳል። በዚያን ጊዜ ይህ ራዳር የምትሉት ይረዳኛል?

ደመና አንባቢ
ጠዋት 3:40

ጋሼ፣ በኅዳር ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእርስዎ በጎ ነው። የሐምሌ ዝናብ እዚያው ተራራ ላይ በአንድ ከሰዓት ተወልዶ ይሞታል፣ ከቀናት በፊት ቦታና ሰዓቱን መናገር አይቻልም። የበጋ ወቅት ያልተጠበቀ ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከትልቅ የአየር ሥርዓት ነው። ከሰሜን በኩል የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ከእኛ እርጥብ አየር ጋር ሲገናኝ ሰፊ ደመና ይሠራል፣ ግማሽ አገር ይሸፍናል። ትልቅ ስለሆነ ሞዴሎቹ ቀደም ብለው ያዩታል።

ስለዚህ በኅዳር ራዳሩን ይተዉትና የብዙ ቀን ትንበያውን ይመልከቱ። ሁለት የተለያዩ ሞዴሎችን ያወዳድሩ፤ ብዙዎቹ ገጾች መምረጫ አላቸው። ሁለቱም በአንድ ቀን ላይ ዝናብ ካሉ የታጨደውን ቶሎ ይከምሩት፣ ያልታጨደውን ያቆዩት። አንዱ ብሎ ሌላው ካላለ በማግስቱ እንደገና ይዩ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የ10 ቀን መግለጫ ያወጣል፣ ለግብርናው የሚሆን ምክርም አለበት። ለበጋው፣ ለበልጉና ለክረምቱ ደግሞ የየወቅቱን ያወጣል። እነሱ ከመሬት ጣቢያዎቻቸው የሚለኩት መረጃ አላቸው። እሱን ቀድመው ያንብቡ፣ ከዚያ ስልኩን ይክፈቱ።

ጡረተኛው መምህር
ጠዋት 3፡55

ሁለት ሞዴል ማወዳደር የሚለውን አላውቅም ነበር። የልጅ ልጄ ዛሬ ያሳየኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ስንት ቀን አስቀድሜ ልየው? አጫጆች የምቀጥረው ሳምንት ሲቀረው ነው።

ደመና አንባቢ
ጠዋት 4፡05

ጋሼ፣ ሳምንት ሲቀረው የሚያዩትን ለመጠንቀቅ ብቻ ይያዙት፤ አጫጅ አይሰርዙበት። 5 ቀን ሲቀረው ማጥበቅ ይጀምሩ። ለመወሰን 3 ቀን ሲቀረው ያለው ይሻላል። ቅጥሩን ሲነጋገሩ ቀኑን አንድ ሁለት ቀን ማዞር እንደሚቻል ከአጫጆቹ ጋር አስቀድመው ቢስማሙ ጥሩ ነው።